ዲስትሪቢውተሩ ይቀየር ከመባሉ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ዲስትሪቢውተር የሚጠይቁ ስለሆኑ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ከመልሶቹ በፊት አንድ ነገር እንበል። ዲስትሪቢውተር፣ ማለትም ከቦቢናው (ከፍተኛ ቮልቴጅ ከሚፈጥረው የሽቦ ጥቅል) የሚመጣውን የኤሌክትሪክ እሳት ለየካንዴላው በተራ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ አንድ ዕቃ አይደለም። ክዳን፣ ሮተር (ከክዳኑ ስር እየዞረ እሳቱን ለየነጥቡ የሚያደርሰው)፣ ፑንቲና (የቦቢናውን ከረንት እየከፈተ የሚያቋርጠው) ወይም በኤሌክትሮኒኩ በእሱ ፋንታ ምልክት የሚሰጠው ፒካፕ፣ ኮንደንሰር፣ የቫኪዩም ሳጥን፣ ክብደቶችና ስፕሪንጎች፣ ዘንግና ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) በአንድ ቤት ውስጥ የተሰበሰቡበት ነው። ሁሉም በአንድ ቀን አይበላሹም፤ አብዛኞቹም ለየብቻ ይቀየራሉ። «ዲስትሪቢውተሩ ሞቷል» የሚል ሰው ሲያጋጥም የመጀመሪያው ጥያቄ «የትኛው ክፍሉ?» መሆን አለበት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ እየሄደች ሳለ ድንገት ጠፋች። ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ ያዞራል፣ ቤንዚንም አለ፣ ግን አትነሳም። «ሙሉ ዲስትሪቢውተሩ ይቀየር» ተብያለሁ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት በራሴ ላረጋግጠው የምችለው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ይኖራል። መጀመሪያ ክዳኑን ይክፈቱ፤ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር ያድርጉና ሮተሩን ይመልከቱ። ሮተሩ ካልዞረ ወይ የታይሚንግ ቺንጋው ወይም ሰንሰለቱ ተበጥሷል፣ ወይ የዲስትሪቢውተሩን ጥርስ ከዘንጉ ጋር የያዘችው ፒን ተቆርጣለች። ቺንጋ ከሆነ ሞተሪኖውን መምታት ወዲያው ያቁሙ፤ በአንዳንድ ሞተሮች ፒስተኑ ክፍት የቀረውን ቫልቭ ይመታዋል። ይህን የአንድ ደቂቃ ምርመራ ዘልሎ ዲስትሪቢውተር መግዛት ያሳዝናል፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ሳይዞር ይቀመጣልና።

ሮተሩ ከዞረ ወደ እሳቱ ይለፉ። ከቦቢናው ተነስቶ ወደ ክዳኑ መሐል የሚገባውን ወፍራም ሽቦ ከክዳኑ ይንቀሉና ጫፉን የእሳት መሞከሪያ ላይ ይሰኩ። የመሞከሪያውን መቆንጠጫ ቀለም በሌለበት የሞተር ብረት ላይ አስይዘው ሞተሩን ያስዞሩ። መሞከሪያ ከሌለ አሮጌ ካንዴላ ሽቦው ላይ ሰክቶ አካሉን በሌላ ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቆ ማገናኘት ይቻላል። ሆኖም ካንዴላ በክፍት አየር በቀላሉ እሳት ይሰጣል፤ በሲሊንደር ውስጥ በታመቀው ድብልቅ መካከል ለመዝለል ግን በብዙ የሚበልጥ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የደከመ ቦቢና ውጪ ላይ «ደህና» መስሎ ውስጥ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ክፍተቱ ሰፊ የሆነ መሞከሪያ ይመረጣል። ሽቦውን በእጅዎ አይያዙት፤ የሚያልፍበት ቮልቴጅ ከ20,000 በላይ ሊሆን ይችላል። ኤሌክትሮኒክ እሳት ባለው መኪና ደግሞ ሽቦውን አየር ላይ አንጠልጥሎ ሞተር ማዞር ጨርሶ አይገባም፤ መውጫ ያጣው ቮልቴጅ በቦቢናው ወይም በሞጁሉ (የቦቢናውን ከረንት በሚያቋርጠው ኤሌክትሮኒክ ክፍል) ውስጥ ሰብሮ ያልፋል።

ከቦቢናው ጠንካራ እሳት እየመጣ በካንዴላ ሽቦዎቹ ላይ ከሌለ ጥፋቱ ክዳኑ ወይም ሮተሩ ላይ ነው። ክዳኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው በፀሐይ ብርሃን ውስጡን ይመልከቱ። እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር መስመር ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ወይም ወደ ጠርዙ ከሄደች ያ የተቃጠለ የካርቦን መንገድ ነው። እሳቱ ያንን መንገድ ለምዶታል፤ ቢፋቅም ይመለስበታልና ክዳኑ ይቀየር። መሐል ላይ ያለችው የካርቦን ብሩሽ በስፕሪንጓ ገባ ወጣ ማለት አለባት፤ ተሰብራ ወይም አልቃ ከሆነ እሳቱ ወደ ሮተሩ የሚደርሰው በዝላይ ነው። ሮተሩንም ነቅለው ይገልብጡት። ከስሩ፣ በዘንጉ አናት በኩል፣ መርፌ የወጋት የምትመስል ጥቁር ነጥብ ካለች እሳቱ ፕላስቲኩን በስቶ ወደ ዘንጉ እየወረደ ነው። ይህችን ነጥብ ብዙ ሰው አያያትም፤ ከላይ ሲታይ ሮተሩ አዲስ ይመስላልና። የሮተሩን የመዳብ ጫፍ በሞረድ ማጽዳትም ልማድ ሆኗል፤ ብረቱ በተፋቀ ቁጥር ከክዳኑ ነጥቦች ጋር ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ ባይደረግ ይመረጣል።

ከቦቢናው ራሱ እሳት ከሌለ ቁልፉን ከፍተው በመሞከሪያ አምፖል የቦቢናውን ፖዘቲቭ ይንኩ። ካልበራ ችግሩ ከቁልፉ እስከ ቦቢናው ባለው መስመር ላይ ስለሆነ ዲስትሪቢውተሩን ይተዉት። ከበራ አምፖሉን ወደ ቦቢናው ኔጋቲቭ ያዙሩትና ሌላውን ጫፉን በሞተሩ ብረት ላይ እንዳለ ይዘው ሞተሩን ያስዞሩ። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት። ብልጭ ድርግም እያለ እሳት ከሌለ ቦቢናውን ወይም ወፍራሙን ሽቦ ይጠርጥሩ። ሳይቋረጥ ከበራ ፑንቲናው አይዘጋም፣ ወይም ፒካፑ ወይም ሞጁሉ አይሠራም። ጨርሶ ካልበራ ደግሞ ፑንቲናው አይከፈትም፣ ወይም የቦቢናው ቀዳሚ ጥቅል ተበጥሷል። ለኤሌክትሮኒክ ሲስተም ትንሽ ከረንት የሚወስድ የኤልኢዲ መሞከሪያ ይጠቀሙ።

ቦቢናውን በቴስተር ሲለኩ በቀጥታ 12 ቮልት የሚሠራው የፑንቲና ቦቢና በሁለቱ ትንንሽ ተርሚናሎች መካከል 3 ኦም ገደማ፣ ቮልቴጅ የሚቀንስ ባላስት ሬዚስተር ያለው 1.5 ኦም ገደማ ያሳያል፤ የኤሌክትሮኒክ ቦቢና ብዙ ጊዜ ከ1 ኦም በታች ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ጥቅል በሺዎች በሚቆጠር ኦም ይለካል፤ ትክክለኛውን ቁጥር ከመኪናዎ መመሪያ ይውሰዱ። ቦቢናው ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የተገጠመበት ሞተር ላይ የመሐሉ ሽቦ የለም፤ ስለዚህ እሳቱን በካንዴላ ሽቦዎቹ ላይ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ ቁልፉን እስከ መጨረሻ ሳዞር ሞተሩ ይነሳል፤ ቁልፉን ስለቅ ወዲያው ይጠፋል። ፑንቲና ያለው አሮጌ መኪና ነው።

መልስ፦ ዲስትሪቢውተሩን አይንኩት። ምልክቱ የባላስት ሬዚስተር መቃጠል ነው። ይህ ሬዚስተር ሞተሩ ሲሠራ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ግን የባትሪው ቮልቴጅ በሌላ ሽቦ በቀጥታ ስለሚደርስ ሞተሩ ይነሳል። ቁልፉን ሲለቁት የሚቀረው መንገድ የተቃጠለው ነው። ነጭ የሸክላ ቁራጭ ሆኖ ከቦቢናው አጠገብ ወይም በሞተሩ የኋላ ግድግዳ ላይ ይገኛል፤ በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ በሽቦዎቹ ጥቅል ውስጥ የተሠራ ረጅም የሬዚስተር ሽቦ ነው። ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ኦም ይለካል። ደህና ከሆነ የቁልፉን ቤት ይመርምሩ፤ ወደ «መንዳት» የሚመልሰው ኮንታክት ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። በቦታው ተራ ሽቦ ማገናኘት መኪናዋን ቤት ያደርሳል፤ እንዲሁ ከተተወ ግን ቦቢናው ይግላል፣ ፑንቲናውም ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ካረፈ በኋላ ይነሳል። ፑንቲና የለውም፣ ኤሌክትሮኒክ ነው። ክዳንና ሮተር ቀይሬ ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሲጠፋ የጎደለው እሳት መሆኑን ያረጋግጡ። ቤንዚንም በሙቀት መስመሩ ውስጥ ተንኖ ልክ እንዲህ ያስቆማል። የእሳት መሞከሪያውን መኪናው ውስጥ ይያዙትና እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ እዚያው ይሞክሩ። ቀዝቅዞ ከተነሳ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ምንም አይነግርዎትም።

እሳት ከሌለ ተጠርጣሪዎቹ ሦስት ናቸው፦ ፒካፑ፣ ሞጁሉና ቦቢናው። የፒካፑን ጥቅል በቀዝቃዛና በሙቅ ሞተር ይለኩ። በአንዳንድ የቶዮታ ሞተሮች ከ140 እስከ 180 ኦም፣ በጄኔራል ሞተርስ ከፍተኛ ኃይል ሲስተም ደግሞ ከ500 እስከ 1,500 ኦም ይሆናል። ቁጥሩ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ ከቁጥሩ ይልቅ ሲሞቅ ወደ ማይለካ መዝለሉን ይመልከቱ። እየለኩ ሽቦዎቹን በቀስታ ያወዛውዙ፤ የቫኪዩም ሳጥኑም ፒካፑ ያረፈበትን ሰሌዳ እንዲጎትት ያድርጉ። ሰሌዳው በተንቀሳቀሰ ቁጥር የፒካፑ ሽቦ ስለሚታጠፍ ከዓመታት በኋላ በላስቲኩ ውስጥ ይበጠሳል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱም ከዲስትሪቢውተሩ አካል ጋር መገናኘት የለበትም።

ሞጁሉን በኦም መለኪያ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ፒካፑና ቦቢናው በሙቅ ሞተር ደህና ከሆኑ፣ መሬት (ከሞተሩ ብረት ጋር ያለው ግንኙነት) እና 12 ቮልትም ከደረሰው፣ የሚቀረው እሱ ነው። ሲቀይሩት የሚያርፍበትን ብረት እስኪያበራ ያጽዱና አብሮት የሚመጣውን ሙቀት አስተላላፊ የሲሊኮን ቅባት ስስ አድርገው ይቀቡ። ያለዚያ ቅባት የተገጠመ ሞጁል ሙቀቱን ወደ ብረቱ ማውረድ ስለማይችል አዲሱም በአጭር ጊዜ ይቃጠላል። ከካርቶኑ ጋር ስትጣል የምናያት ያቺ ትንሽ ከረጢት የሞጁሉ ዕድሜ ናት።

ፒካፑ ከተቀየረ የአየር ክፍተቱ መለካት አለበት፤ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ከ0.2 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው። መለኪያው ከናስ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ይሁን፤ የብረቱን ማግኔቱ እየሳበ ያሳስትዎታል።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲዘንብ ወይም ጤዛ ባለበት ጠዋት ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ ሲደርቅ ደህና ይሆናል።

መልስ፦ ማታ ጨለማ ቦታ ቆመው ሞተሩን አስነሱና መከለያውን ክፈቱ። በውሃ መርጫ ጠርሙስ ጭጋግ የሚመስል ውሃ በክዳኑና በሽቦዎቹ ላይ ይርጩ። እሳቱ በሚያመልጥበት ቦታ ሰማያዊ ብልጭታ ይታያል፤ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅም ይሰማል። ሽቦዎቹን በዚያ ሰዓት በእጅ አይንኩ፤ ልብስና እጅም ከሚዞሩ ቺንጋዎች ይራቅ።

የካንዴላ ሽቦዎችን በቴስተር ሲለኩ ብዙ አምራቾች ለአንዱ ሽቦ የሚሰጡት ጣሪያ 25,000 ኦም ነው፤ ከጓደኞቹ በጣም የራቀ አንድ ሽቦ ካለ ግን ከጣሪያው በታች ቢሆንም ይቀየር። ሲነቅሉ የጫፉን ጎማ ይዘው እንጂ ሽቦውን አይጎትቱ። የካንዴላዎቹንም ክፍተት ይለኩ። የሰፋ ክፍተት ቮልቴጁን ወደ ላይ ስለሚገፋው እሳቱ ቀላሉን መንገድ፣ ማለትም እርጥቡን ክዳን፣ ይመርጣል። ካንዴላው ሳይታይ በየክረምቱ ክዳን የሚቀየረው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ክዳኖች መተንፈሻ ቀዳዳ አላቸው። ቀዳዳው ሲደፈን በእሳቱ ዝላይ የሚፈጠረው ኦዞንና አሲዳማ ጋዝ ውስጥ ይታመቅና ነጥቦቹን በነጭና አረንጓዴ ዝገት ይሸፍናቸዋል። ውሃ አባራሪ ስፕሬይ ለጊዜው ይረዳል፤ ከተነፋ በኋላ ግን ክዳኑ ሳይገጠም ትነቱ በሙሉ ይውጣ። ተቀጣጣይ ነው፤ ክዳኑ ውስጥ ደግሞ እሳት አለ።

ጥያቄ፦ ፑንቲና በየሁለት ወሩ እየተቃጠለ ተቸግሬያለሁ። አዲስ ስገጥም ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ እሳት አይኖርም። ጥራቱ ይሆን?

መልስ፦ ጥራት አንድ ምክንያት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። ይህ አሠራር አሜሪካዊው ፈልሳፊ ቻርልስ ኬተሪንግ እ.ኤ.አ. በ1910 አካባቢ ለካዲላክ መኪና ካበጀው ሲስተም ጀምሮ በመሠረቱ አልተለወጠም፦ ፑንቲናው ሲከፈት በቦቢናው ያለው ከረንት ይቋረጣል፣ ያ ቅጽበታዊ መቋረጥ እሳቱን ይወልዳል። ኮንደንሰሩ የመቋረጡን ግፊት ባይቀበል ኖሮ እሳቱ ካንዴላው ላይ ሳይሆን እዚያው ፑንቲናው ላይ ይፈነዳ ነበር። ስለዚህ የተቃጠለ ፑንቲና ሲያዩ መጀመሪያ ኮንደንሰሩን ይቀይሩ፤ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮፋራድ ነው። የኮንደንሰሩ አካል ከብረቱ ጋር በደንብ መያያዙንም ይዩ። ዝገት ወይም ቀለም መካከል ከገባ ኮንደንሰር እንደሌለ ይቆጠራል።

ኮንደንሰሩ ደህና ከሆነ የቦቢናውን ኦም ይለኩ። ከባላስት ጋር እንዲሠራ የተሠራ 1.5 ኦም ቦቢና በቀጥታ 12 ቮልት ላይ ከተገጠመ ከረንቱ እጥፍ ይሆንና ፑንቲናውን ሰማያዊ እስኪሆን ያቃጥለዋል። ቦቢና በመልክ እየተመሳሰለ በተቀየረባቸው መኪኖች ላይ ይህ ስህተት ብዙ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ቅባት ነው። በካሙ (ፑንቲናውን በሚከፍተው የዘንጉ ጉብታ) ላይ የሚንሸራተተው የፑንቲናው ተረከዝ የክብሪት ራስ የምታህል ሙቀት የሚችል ግሪስ ይፈልጋል። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ተረከዙ ተበልቶ ክፍተቱ ይዘጋል፤ ከበዛ ተረጭቶ ነጥቦቹ መካከል ይቃጠላል። ከሮተሩ ስር ባለው ስፖንጅ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት ይበቃል።

አዲስ ተገጥሞ እሳት የሚጠፋበት ምክንያት ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ሁለት ነው። አንደኛው ዕቃው እንዳይዝግ የተቀባው ስስ ዘይት በነጥቦቹ ላይ ቀርቶ ነው፤ በአልኮል የነካ ንጹህ ወረቀት መካከላቸው አስገብተው ይጎትቱ። ሁለተኛውና የሚብሰው የፕላስቲክ ማገጃዎቹ ተራ ነው። ከቦቢናው የሚመጣው ሽቦና የኮንደንሰሩ ሽቦ የፑንቲናውን ስፕሪንግ ብቻ እየነኩ ከሰሌዳውና ከብሎኑ መራቅ አለባቸው። አንዷ ማገጃ ቦታዋን ከሳተች ሽቦው በቀጥታ ከብረቱ ጋር ይገናኝና ፑንቲናው ቢከፈትም ባይከፈትም ከረንቱ አይቋረጥም። አሮጌውን ሲፈቱ የማገጃዎቹን ቅደም ተከተል በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

ክፍተቱን የሚለኩት ተረከዙ የካሙ ከፍተኛ ጫፍ ላይ ሲያርፍ ነው። ለብዙ ሞተሮች ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊሜትር ነው። ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበትን ማዕዘን የሚለካ መሣሪያ ካለዎት የበለጠ ይታመናል፤ ለ4 ሲሊንደር 50 ዲግሪ ገደማ፣ ለ6 ሲሊንደር 38 እስከ 40፣ ለ8 ሲሊንደር 30 ገደማ። ክፍተቱን ማጥበብ ታይሚንጉን (እሳቱ የሚሰጥበትን ጊዜ) ያዘገያል፣ ማስፋት ያስቀድመዋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ክፍተት ቀድሞ ታይሚንግ ይከተላል፤ ተራው ከተገለበጠ ሥራው እንደገና ይጀመራል።

አራት ጊዜ ለክተው አራት የተለያየ ቁጥር ካገኙ ግን ፑንቲናውን ይተዉትና ዘንጉን በጣትዎ ግራና ቀኝ ይግፉት። የሚነቃነቅ ከሆነ ቡሹ አልቋል። ይህ ነው በእርግጥ ሙሉ ዲስትሪቢውተር ማስቀየር ወይም ቡሹን በቶርኖ ማሠራት የሚጠይቀው ብልሽት።

ጥያቄ፦ ዲስትሪቢውተሩን ምልክት ሳላደርግ አወጣሁት፤ ከዚያም ሞተሩ ዞረ። አሁን እንዴት ልመልሰው?

መልስ፦ አይጨነቁ፤ ሞተሩ ራሱ ቦታውን ይነግርዎታል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥተው ቀዳዳውን በአውራ ጣትዎ ይድፈኑ። በክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ብሎን ላይ መፍቻ አስገብተው ሞተሩን ሁልጊዜ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ ያዙሩት። አየር ጣትዎን ገፍቶ መውጣት ሲጀምር የኮምፕረሽን ምት ደርሷል። በቀስታ ይቀጥሉና የፑሊው ምልክት በመመሪያው የተሰጠው ዲግሪ ላይ ሲደርስ ያቁሙ። በጣት መሞከሩ የግድ የሆነው የፑሊው ምልክት ለአንድ ሲሊንደር እሳት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ ነው፤ ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ሲዞር ዲስትሪቢውተሩ አንድ ብቻ ይዞራል። አንደኛው መምጣት የኮምፕረሽን፣ ሌላው የጭስ ማውጫ ምት ላይ ነው። በጭሱ ምት ላይ ከገጠሙት ሮተሩ 180 ዲግሪ ተገልብጦ ይቀመጣል፤ ሞተሩ አይነሳም፣ በካርቡሬተሩ በኩል ያስነጥሳል።

አሁን በክዳኑ ላይ የአንደኛው ሽቦ የሚሰካበትን ቀዳዳ ይፈልጉና በትክክል ከስሩ ባለው የዲስትሪቢውተር አካል ጠርዝ ላይ ምልክት ያድርጉ። ዲስትሪቢውተሩ ሲቀመጥ ሮተሩ ወደዚህ ምልክት ማየት አለበት። የስሩን የጎማ ቀለበት ይቀይሩና በዘይት ያርሱት።

የሚቀጥለው እንደ ዲስትሪቢውተሩ አነዳድ ይለያያል። ከስሩ ከመሐል ወጣ ያለች ምላስ ያለው ከሆነ የምትገባው በአንድ አቀማመጥ ብቻ ስለሆነ ልትሳሳቱ አትችሉም። የተጣመመ ጥርስ ያለው ከሆነ ግን ሲወርድ ጥርሱ ሮተሩን ያዞረዋል። ስለዚህ ከምልክቱ ትንሽ ወደ ኋላ መልሰው ያስገቡት፤ ወርዶ ሲያበቃ ምልክቱ ላይ ያርፋል። ካላረፈ አውጥተው አንድ ጥርስ ይለውጡ። ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር የተለመደ ነው።

ጥርሱ ገብቶ የመጨረሻዋ ትንሽ ርቀት ከቀረች ደግሞ የዘይት ፓምፑ ዘንግ አልገጠመም ማለት ነው። በማሰሪያው ብሎን ጎትታችሁ ለማውረድ አትሞክሩ፤ የሚሰበረው የዲስትሪቢውተሩ አካል ወይም የፓምፑ ዘንግ ነው። በእጅ ቀስ አድርጋችሁ እየተጫናችሁ ሞተሩን በመፍቻ አዙሩት፤ ፓምፑ ሲገጥም በራሱ ይወርዳል። ከዚያ ሁለት ሙሉ ዙር እስኪሞላ አዙራችሁ የፑሊው ምልክትና የሮተሩ ቦታ መግጠማቸውን እንደገና ተመልከቱ።

ሽቦዎቹን የምትሰኩት ከአንደኛው ጀምራችሁ ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ በእሳቱ ተራ ነው። አቅጣጫውን ከመገመት ክዳኑን ከፍታችሁ ሮተሩን ማየት ይሻላል። በ4 ሲሊንደር ሞተሮች የሚበዛው ተራ 1-3-4-2 ነው፤ 1-2-4-3 የሚሠሩም አሉ፤ የቮልስዋገን ቢትል 1-4-3-2 ነው። በአንድ መስመር ለተደረደሩ 6 ሲሊንደሮች 1-5-3-6-2-4 ይበዛል። የሼቭሮሌት አነስተኛው 8 ሲሊንደር 1-8-4-3-6-5-7-2 ሲሆን፣ 5 እና 7 ተጎራብተው ተከታትለው እሳት ስለሚሰጡ ሽቦዎቻቸው ጎን ለጎን ከሄዱ አንዱ በሌላው ላይ እሳት ያነቃል፤ አራርቋቸው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ተገጥሞ ሞተሩ ተነስቷል፤ ግን ዳገት ላይ ይደክማል፣ ይግላልም። ወዴት ላዙረው?

መልስ፦ ዲስትሪቢውተሩን ሮተሩ ከሚዞርበት በተቃራኒ ማዞር እሳቱን ያስቀድማል፤ በሮተሩ አቅጣጫ ማዞር ያዘገያል። የእርስዎ ምልክቶች የዘገየ እሳት ናቸው። በጣም ከቀደመ ደግሞ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ብረት የሚያንኳኳ ድምፅ ይሰማል፤ ይህን ችላ ማለት ፒስተን ያስበላል።

በጆሮ መገመት ግን ትክክለኛው ማስተካከያ አይደለም። ሞተሩን በሥራ ሙቀቱ ላይ ያድርሱ፣ የታይሚንግ መብራቱን መቆንጠጫ በአንደኛው ሽቦ ላይ ያድርጉ፣ መመሪያው ካዘዘ የቫኪዩም ቱቦውን ነቅለው ይድፈኑ፤ ፑሊው ላይ ያለውን ምልክት በመብራቱ እያዩ የማሰሪያውን ብሎን ላላ አድርገው በጥቂቱ ያዙሩ። በኮምፒውተር የሚመራ እሳት ባለው ሞተር መጀመሪያ ኮምፒውተሩ እንዳያስተካክል ማድረግ ያስፈልጋል። በብዙ የቶዮታ መኪኖች በመመርመሪያ ሶኬቱ ላይ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ይገናኛሉ። ይህ ሳይደረግ ዲስትሪቢውተሩን ማዞር ከኮምፒውተሩ ጋር መጎተት ነው። ብሎኑን ካጠበቁ በኋላ እንደገና ይመልከቱ፤ ሲጠብቅ ይንሸራተታል።

መብራት ከሌለ ፑንቲና ላለው ሞተር የመሞከሪያ አምፖል ይበቃል። ፑሊውን በተሰጠው ዲግሪ ላይ አቁመው አምፖሉን በቦቢናው ኔጋቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ያድርጉ፣ ቁልፉን ይክፈቱ። ዲስትሪቢውተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ በሮተሩ አቅጣጫ ያዙሩ፤ ከዚያ በተቃራኒው በጣም በቀስታ ይመልሱና አምፖሉ በበራበት ቅጽበት ያጥብቁት።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይቆራረጣል፤ ቆሞ ሲሠራ ግን ደህና ነው።

መልስ፦ የቫኪዩም ቱቦውን ከካርቡሬተሩ በኩል ነቅለው በአፍዎ ይሳቡ። ሰሌዳው መንቀሳቀስና እስኪለቁት ባለበት መቆየት አለበት። አየር እንዲሁ የሚያልፍ ከሆነ ውስጡ ያለው ጎማ ተቀዷል። ጎማው ደህና ከሆነ ሰሌዳውን ከአካሉ ጋር የምታገናኘውን ትንሽ ጥልፍ ሽቦ ይፈልጉ፤ ሰሌዳው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ስለምትታጠፍ ትበጠሳለች፣ በተበጠሰችበት ሰዓትም እሳቱ ይቆራረጣል። ሮተሩንም በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ጠምዝዘው ይልቀቁት፤ በስፕሪንግ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ከስር ያሉት ክብደቶች ደርቀዋል፤ ታጥበው በቀጭን ዘይት ይለስልሱ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዲስትሪቢውተር አግኝቻለሁ። ከእኔው ጋር አንድ ይመስላል። ይሠራል?

መልስ፦ ጎን ለጎን አስቀምጠው የዘንጉን ርዝመት፣ የጥርሱን ብዛትና የተጣመመበትን አቅጣጫ፣ የምላሷን ቦታ፣ የሶኬቱን ቀዳዳዎች ቁጥርና የቫኪዩም ሳጥኑን አቅጣጫ ያወዳድሩ። አንዱ ከተለየ ይተዉት። ዘንጉ መነቃነቁን እዚያው ይፈትሹ። ጥርሱን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ማዛወር ከፈለጉ ፒኑን ከመምታትዎ በፊት ጥርሱ ከሮተሩ አንጻር ያለበትን ቦታ ምልክት ያድርጉ፤ በግማሽ ዙር ተገልብጦ ሲገጠም ሮተሩ ከነጥቡ ሊስት ይችላል። የጥርሱ ብረት ከካም ሻፍቱ ብረት ጋር የሚስማማ መሆን አለበት፤ ካልተስማማ አንዱ ሌላውን በልቶ ዱቄቱን ዘይቱ ውስጥ ይበትነዋል።

ጥያቄ፦ ክዳኑ ውስጥ ዘይት አገኘሁ።

መልስ፦ የዘንጉ ማኅተም አልቋል። ክዳኑን ማጠብ ጊዜያዊ ነው። ማኅተሙ ለብቻው የሚገኝ ከሆነ ይቀየር፤ ካልተገኘና ዘንጉም የሚነቃነቅ ከሆነ ሙሉ ዕቃው ይቀየር። ዘይቱ ከውጭ፣ ዲስትሪቢውተሩ ሞተሩ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ብቻ ከሆነ ግን የስሩ የጎማ ቀለበት ነው፤ ርካሽ ነው። ከመቀየሩ በፊት የሞተሩ መተንፈሻ አለመደፈኑን ይዩ፤ በተደፈነ ሞተር ውስጥ የታመቀው ግፊት አዲሱንም ገፍቶ ያስወጣዋል።

ጥያቄ፦ ፑንቲናውን አውጥቼ የኤሌክትሮኒክ መቀየሪያ ብገጥም ከዚህ ሁሉ እገላገላለሁ?

መልስ፦ ከፑንቲና መቃጠልና ከክፍተት መለካት ይገላገላሉ። ባለቀ ቡሽ ላይ ከገጠሙት ግን ታይሚንጉ መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ስለዚህ ዘንጉን አስቀድመው ይፈትሹ። ቀዩና ጥቁሩ ሽቦ ተገልብጠው ከተገናኙ ሞጁሉ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ብዙዎቹ መቀየሪያዎች ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ቀዩን ሽቦ ከባላስቱ በፊት ያገናኙ፣ ቦቢናውም መመሪያው ከሚጠይቀው ኦም በታች አይሁን። ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ለረጅም ደቂቃ ከፍተው አይተዉ፤ ሞጁሉም ቦቢናውም ይግላሉ። አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ከትንሽ ካቻቢቴ ጋር በጨርቅ ጠቅልለው ወንበር ስር ያስቀምጡ፤ ሞጁሉ መንገድ ላይ ቢሞት በእነሱ መልሰው ቤት መግባት ይቻላል።